የቪትዜን የኋላ ታምቡር በዲስክ ላስቀይረው? ለሱሉልታው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው። መኪናዬ የ2004 ሞዴል ቪትዝ ናት፣ አውቶማቲክ። ፊቷ ዲስክ፣ ኋላዋ ታምቡር ነው። ባለፈው እሁድ ባለቤቴን፣ እናቴንና ሁለቱን ልጆቼን ጭኜ ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ትንሽ ቆይቶ ፍሬኑ እግሬ ሥር ለስልሶ ወደ ታች ገባ። ደጋግሜ እየረገጥኩ እንደምንም ዳር አወጣኋት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ስንነሳ ፍሬኑ እንደ ድሮው ሆኗል። የሰፈሬ መካኒክ ‹ታምቡር ያለፈበት ነው፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዲስክ ከነካሊፐሩ አምጥተን የኋላውን እንቀይረው› አለኝ። ልቀይረው?»

ወንድሜ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። አትቀይረው። ያ መካኒክ ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ግን የታመመው ሌላ፣ ሊታከም የታሰበው ሌላ ነው። ከነገርከኝ ሁሉ ትልቁ ፍንጭ «ግማሽ ሰዓት ቆመን ስንነሳ እንደ ድሮው ሆኗል» ያልከው ነው። የተሰበረ ዕቃ ዳር ቆሞ አርፎ አይድንም። በእረፍት የሚድነው ሙቀት ነው።

ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ አካባቢ ጋራዥ ስለምሠራ እንዳንተ ያለ ደንበኛ በየክረምቱም በየበጋውም ይመጣብኛል። ሁሉም «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል። እኔ ግን መኪናውን ሳላይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፔዳሉ ነው፤ ምክንያቱም እምቢታው አንድ ዓይነት አይደለም። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው ግን ከተንሸራተተ፣ ወይ ፓዱና ሸራው (ፓዱ ዲስኩን፣ ሸራው ታምቡሩን ይነክሳል) ከመጠን በላይ ግሎ መንከሱን ትቷል፣ ወይ ሰርቮው (የእግርህን ግፊት የሚያግዘው ክፍል) አያግዝም። ቆመህ ረግጠህ ይዘኸው ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ጎሚኒ ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል። መጀመሪያ ስትረግጠው ዝቅ ብሎ፣ ደግመህ ስትረግጠው ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው፤ ማስተካከያ ይፈልጋል። ያንተ አራተኛው ነው። በቁልቁለት መሐል ለስልሶ ገባ፣ ሲቀዘቅዝ ተመለሰ። የፍሬን ዘይትህ ፈልቷል።

ዘይት ሲፈላ ምን ይሆናል? ፈሳሽ አይጨመቅም፤ እግርህ የሰጠውን ግፊት ሳይቀንስ ጎማው ድረስ ያደርሰዋል። እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ካሊፐሩ (ፓዱን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) ውስጥ አንዲት የእንፋሎት አረፋ ከተፈጠረች እግርህ የሚገፋው ፓዱን ሳይሆን አረፋዋን ነው። ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፤ አዲስ ዶት 3 ዘይት የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ ቢያንስ በ230 ዲግሪ ነው። ችግሩ ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት መሳቡ ነው። በእርጥበት ያረጀ ዶት 3 መፍያው ወደ 140 ዲግሪ፣ ዶት 4 ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ቪትዝህን ከገዛህ ጀምሮ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ ያውቃል? ጎድሎ መሞላቱን አይደለም የምጠይቅህ። እዚህ ከሚመጡት መኪኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ከወጡ ጀምሮ አንዴም አልተቀየረላቸውም ብዬ ብወራረድ አልከስርም። ሲወጣ ቀለሙ የቡና አተላ ይመስላል።

አሁን ቁልቁለቱን በቁጥር እንየው፤ ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። መኪናህ አምስት ሰው ጭና 1,200 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። እያንዳንዱን 100 ሜትር ከፍታ በወረደች ቁጥር፣ ሞተሩ ካልያዘላት፣ ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሰባት ጊዜ ድርቅ አድርጎ ከማቆም ጋር እኩል ነው። የነፋሱና የጎማው ግጭት ትንሽ ይቀንስልሃል እንጂ ብዙ አያግዝህም። ሁለቱ የፊት ዲስኮች አንድ ላይ 10 ኪሎ ብረት ቢሆኑና ከሙቀቱ 70 በመቶውን ቢቀበሉ፣ ለመቀዝቀዝ ፋታ ካላገኙ በ100 ሜትር ቁልቁለት ብቻ 180 ዲግሪ ያህል ይጨምራሉ። በተግባር እየወረዱም ይቀዘቅዛሉ፤ ግን የእኛ አየር ስስ ስለሆነ እንደ ቆላው አየር አያቀዘቅዝም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰውማ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወርደው፤ ሰባቱን በስንት እንደምታበዛው ራስህ አስላው።

አየሩን ካነሳሁ አይቀር ሰርቮውንም ላንሳ፤ ሰው ብዙም አያስተውለውም። ከፔዳሉ ጀርባ ያለው ያ ክብ ቆርቆሮ እግርህን የሚያግዘው በአንድ በኩል ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል፣ በሌላ በኩል የውጭውን አየር ግፊት ይዞ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ነው። እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ያው ሰርቮ ያው መኪና ላይ ሆኖ፣ ጅቡቲ ላይ የሚሰጥህን እገዛ እዚህ አይሰጥህም። ከቆላ የመጣ ሹፌር «ፍሬኑ ጠነከረ» ቢልህ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ውሃውም ቢሆን እዚህ 92 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፤ ባቄላ ለማብሰል ለምን እንደምንቸገር እናቶቻችን ያውቁታል።

ወደ ታምቡሩ ልምጣ። መኪና ስታቆም አፍንጫዋን እንደምትደፋ አይተሃል። ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል። እንደ ቪትዝ፣ ሱዙኪ ዲዛየር፣ ያሪስ ባሉ ሞተራቸውም ነጂ ጎማቸውም ፊት በሆነ ትንንሽ መኪኖች ላይ ከማቆሙ ሥራ ሁለት ሦስተኛውንና ከዚያ በላይ የሚሸከመው የፊቱ ነው። ፋብሪካው ፊት ላይ ዲስክ፣ ኋላ ላይ ታምቡር ያደረገው ከስስት ብቻ አይደለም። የኋላው ጎማ ብዙ ብትሰጠው አይችልም፤ ይቆለፋል። የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ከተቆለፈ ደግሞ ጭራዋ ትዞራለች። በክረምት፣ ጭቃ በተቀባ ኮብልስቶን ላይ ይህ ሲሆን ያየ ሰው አይረሳውም።

ታምቡር ጥሩ ነገር አለው። ሸራው በታምቡሩ ሆድ ውስጥ ሲከፈት፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ያለው አንደኛው ሸራ በራሱ መዞር እየተጎተተ ይበልጥ ይጣበቃል፤ በር ሥር እንደገባ ሽብልቅ ነው፣ በሩ ሲገፋ ሽብልቁም ይጠብቃል። ስለዚህ በትንሽ ግፊት ብዙ ይይዛል። የእጅ ፍሬንም በሽቦ ብቻ በቀላሉ ይሠራበታል፣ ዳገት ላይ አስሮ ያቆማል። ዕቃው ርካሽ ነው፣ ሸራውም ዕድሜ አለው። ጉዳቱ ያው ጥቅሙ ነው። ያ ራሱን የሚያጠብቅ ባሕሪ፣ ሸራው ግሎ መንከሱን ሲቀንስ ቅነሳውንም ያበዛዋል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ ዝቅ ይላል። ሙቀቱ የታፈነ ስለሆነ ቶሎ አይወጣም። ውሃ ከገባበትም እስኪደርቅ ይቆያል፤ የቡራዩን ወይም የለገጣፎን የውስጥ መንገድ በሐምሌ አቋርጠህ ከወጣህ፣ ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ ለጥቂት ሜትር ይዘህ ብታደርቀው ደግ ነው። ዲስክ ግን ክፍት ነው፤ ይነፍሳል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲግልም ወደ ፓዱ እንጂ ከፓዱ አይሸሽም። ለዚህ ነው ፊት ላይ ያሸነፈው። በአራቱም ጎማ በታምቡር የሚሄዱትን የድሮ ቮልስዋገኖች ቁልቁለት ላይ የነዳ ሰው ልዩነቱን በእግሩ ያውቀዋል።

«ታምቡር ያለፈበት ነው» ለሚለው ግን አንድ ታሪክ ልንገርህ። የዱሮዎቹን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች ታስታውሳለህ። የላዳ አባት ጣሊያናዊው ፊያት 124 ነው፤ በፈረንጆች 1966 ሲወጣ አራቱም ጎማው ዲስክ ነበር። ሩሲያውያኑ ፈቃዱን ገዝተው በራሳቸው መንገድ ሲሞክሩት የኋላው ዲስክ በጭቃና በአቧራ እየተበላ አስቸገራቸው። በ1970 ቶሊያቲ ላይ ማምረት ሲጀምሩ ፊቱን ዲስክ ትተው ኋላውን ታምቡር አደረጉት። ዲስክ የነበረውን ሆን ብለው ወደ ታምቡር መለሱት ማለት ነው። እኔ ሙያውን የለመድኩት ላዳ ሥር ተኝቼ ነው፤ ያን ጊዜ አለቃዬ «የኋላው የተሸፈነው ለእኛ መንገድ ነው» ይለኝ ነበር፣ የፊያቱን ታሪክ ሳያውቅ።

ከዚያ ደግሞ ዛሬን ተመልከት። መንግሥት በፈረንጆች 2024 ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ቮልስዋገን አይዲ 4 የሚባለው የኋላ ፍሬኑ ታምቡር ነው። አዲስ መኪና፣ ውድ መኪና፣ ግን ታምቡር። ምክንያቱም አብዛኛውን ፍጥነት የሚቀንሰው ሞተሩ ራሱ ነው፣ ኃይሉንም ወደ ባትሪ ይመልሳል። የኋላው ፍሬን ብዙ ጊዜ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ዲስክ ደግሞ ይዝጋል። (የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ የሱሉልታና የእንጦጦ ሰዎች፣ ባትሪውን ቤት ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ቁልቁለት አትጀምሩ። የሞላ ባትሪ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሞተሩ እንደ ለመዳችሁት አይይዝላችሁም።)

የኋላ ዲስክ ጥሩ አይደለም አላልኩም። ከባድ መኪና፣ በአዳማ ፈጣን መንገድ አዘውትሮ በ100 እና በ120 የሚሄድ ሰው፣ ከፋብሪካ የኋላ ዲስክ ይዞ የመጣ መኪና ቢገዛ እሰየው። ፓዱ ማለቁን ጎማ አውልቀህ በዓይንህ ታያለህ፣ ለመቀየርም ይቀላል። ልዩነቱ «ከፋብሪካ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ላንተ የታሰበልህ ግን ከሌላ መኪና የወጣ ዲስክ ነው። ማስተር ሲሊንደርህ የተለካው ለትንሿ የታምቡር ሲሊንደር ነው፤ የካሊፐር ፒስተን ብዙ ዘይት ይጠጣል፣ ፔዳልህ ያኔ ይረዝማል። ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚገድበው ቫልቭም የተስተካከለው ለታምቡር ነው። ግፊቱ ካነሰ የኋላው ዲስክ ጌጥ ይሆናል፣ ከበዛ ጭራው ይዞራል። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው) ካለህ እሱም የተማረው ሌላ ነው። የእጅ ፍሬኑን ሽቦ እንዴት ሊያገናኙልህ ነው? አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለ ለውጥ ሌላ ቦታ አሠርቶ የእጅ ፍሬን የሌላት መኪና ይዞልኝ መጣ፤ ዳገት ላይ ሲያቆም ልጁ ወርዶ ድንጋይ ያስገባለት ነበር። ያገለገለ ካሊፐር ደግሞ ፒስተኑ ዝጎ እንደሆነ እስክትገጥመው አታውቅም። ይህን ሁሉ ከፍለህ ስትጨርስ ሙቀቱ በተፈጠረበት የፊት ፍሬን ላይ ያለው ያ አሮጌ ዘይት እዚያው ነው።

እንግዲህ የምታሠራው ይህን ነው። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስወጥተህ በታሸገ አዲስ ዶት 4 አስቀይር፤ ከአራቱም ጎማ ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ፣ አየሩም ተጠርጎ እስኪያልቅ። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ አትቀበል፣ በግማሽ የተሸጠልህም ቢሆን። ዶት 3 እና ዶት 4 ቢቀላቀሉ ችግር የለውም፤ ዶት 5 የሚለው ግን ሲሊኮን ነው፣ አይነካካ። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት «ለጊዜው» ብሎ የሚሞላልህ ካለ መኪናህን ይዘህ ውጣ፤ ጎሚኒውን ሁሉ አሳብጦ ያበላሸዋል። ከዚህ በኋላ በየ2 ዓመቱ አስቀይር።

ከዚያ የፊቱ ይፈታ። ፓዱ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየር። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በእጅ ሲገፉ ካልሄዱ ይጸዱና ግሪስ ይቀቡ፤ በእኛ አቧራ መጀመሪያ የሚያዘው እሱ ነው፣ አንዱ ጎማ ብቻ የሚግለውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ዲስኩን ቶርኖ እናስበላው (በማሽን እንላገው) ካሉህ ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፣ ይለካ። ከዚያ በታች የተበላ ዲስክ ብረቱ ስለሳሳ ይበልጥ ቶሎ ይግላል፤ ላንተ መንገድ ደግሞ የሚያስፈልግህ ብረት ነው።

የኋላው ታምቡርም ይከፈት፣ ግን ለመቀየር ሳይሆን ለመታየት። ከሲሊንደሩ ዘይት አፍስሶ ሸራውን ካረጠበ ሲሊንደሩም ሸራውም በሁለቱም ጎን ይቀየር። በቤንዚን አጥቦ መመለስ የሚባል የተለመደ ብልሃት አለ፤ ሸራው ዘይቱን ውስጡ ይዞ ይቆይና ሲግል ይተፋዋል። ራሱን የሚያስተካክለው ጥርስ ያለው ዘንግ በአቧራ ደርቆ እንደሆነ ይፈታ፣ ይጸዳ። የቀኙንና የግራውን እንዳያቀላቅሉት ቆመህ እይ፤ ጥርሳቸው የሚዞረው በተቃራኒ ነው፣ ከተቀያየሩ ሸራውን በማስጠጋት ፈንታ ያርቁታል። የእጅ ፍሬንህ ሲሳብ ከድሮው ብዙ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ሽቦውን ከማሳጠራቸው በፊት ይህን ይመልከቱ። ደግሞ የታምቡሩን አቧራ በኮምፕረሰር አያስነፉት። አሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። በውሃ እያረጠቡ ይጥረጉት። ይህን ለመካኒኩ ስትነግረው ይስቅብህ ይሆናል፤ እኛም ስንስቅ ነው የኖርነው።

አነዳድህን አልጠየቅከኝም፣ ግን ልናገረው። አውቶማቲክ ስለሆነች በዲ ነው የወረድከው አይደል? ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ፍጥነቱ ገና ሳይበዛ፣ ማርሹን ወደ 2 አውርደው፤ በጣም ቁልቁል ከሆነ ወደ ኤል። ሞተሩ ይጮሃል፣ አትደንግጥ፣ ያ ጩኸት ፍሬንህ ሊሸከመው የነበረ ሙቀት ነው። ፍሬኑን ይዘህ አትውረድ፤ ጠንከር አድርገህ ረግጠህ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ልቀቅ፣ ይንፈስ፣ እንደገና። በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉህን አትስማ። እንደ ቪትዝ ያለ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ የሚረጭ ሞተር ማርሽ ላይ ሆኖ፣ የነዳጅ ፔዳል ሳይረገጥ፣ ዙሩ ከፍ ብሎ ሲወርድ መርጨቱን ያቆማል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩን በሕይወት ለማቆየት ይረጫል። ሞተር አጥፍቶ የሚወርድማ ሰርቮው ሁለት ሦስት ጊዜ ካገዘው በኋላ ባዶ ነው።

ፔዳሉ ደግሞ ከገባብህ ያደረግከው ትክክል ነው፦ ደጋግመህ ርገጥ፣ ማርሽ አውርድ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭነህ ይዘህ ቀስ እያልክ ሳብ። አንድ ጊዜ ጎትተህ የኋላውን ጎማ አትቆልፈው። ያኔ የሚያቆምህ ያ «ያለፈበት» የተባለው ታምቡር ነው፤ በሽቦ ስለሚሠራ ዘይቱ ቢፈላም ግድ የለውም።

ቅዳሜ ጋራዥ ስትሄድ አንድ ነገር አድርግልኝ። የሚወጣውን የፍሬን ዘይት ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ተቀበልና ከአዲሱ ጎን አስቀምጠው ፎቶ አንሳው፤ የኋላውን ሸራና የዘንጉን ጥርስም ጨምር። ላክልኝና ሲሊንደሩ ይቀየር አይቀየር እሱን እነግርሃለሁ። እስከዚያ ግን እናትህን ጭነህ በእንጦጦ አትውረድ።